ቦብ ማርሌና የእግሩ አውራ ጣት

የጃማይካው ተወላጅ ቦብ ማርሌ በሙዚቃ ምን እንደ ሠራ የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። በምን ሕመም እንደ ሞተ ግን ብዙ ጊዜ የሚነገረው ጐደሎ ሆኖ ነው። ኳስ ሲጫወት እግሩን ተመትቶ በዚያው ሳቢያ ሞተ የሚለው ወሬ ካገር አገር ተዛምቶ እንደ እውነት ተይዟል። የገደለው ሕመም በቀኝ እግሩ አውራ ጣት፣ ከጥፍሩ ሥር የጀመረ ካንሰር ነበር። የኳሱ ጉዳት በእርግጥ ደርሶበታል፤ ነገር ግን ጉዳቱ ለቁስሉ በቂ ምክንያት መስሎ መታየቱ የሌላውን ሕመም ምልክት ሸፍኖት ቆይቷል። የዚህ ሰው ሕይወት ከዝናው ባሻገር ለማንኛውም ባለሙያ ትምህርት የሚሆነው በዚህ በኩል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከናይን ማይል እስከ ኪንግስተን

ሮበርት ኔስታ ማርሌ በጃማይካ ደሴት፣ በሴይንት አን አውራጃ፣ ናይን ማይል በምትባል ኮረብታማ የገጠር መንደር በፌብሩዋሪ 6 ቀን 1945 ተወለደ። አባቱ ኖርቫል ማርሌ በዕድሜ የገፋ ነጭ ጃማይካዊ ሲሆን፣ እናቱ ሴዴላ ማልኮም ገና የ18 ዓመት ጥቁር ወጣት ነበረች። አባትየው ከቤተሰቡ ጋር ስላልኖረ ልጁ አባቱን በቅጡ ሳያውቅ አደገ፤ ኖርቫልም በ1955 ሞተ። ልጁ በ12 ዓመቱ ገደማ ከእናቱ ጋር ወደ ዋናው ከተማ ወደ ኪንግስተን ሄዶ፣ ትሬንች ታውን በሚባለው የድኾች ሠፈር ተቀመጠ። በዚያ ሠፈር ለአንድ ወጣት ከሥራ አጥነትና ከጠብ የሚያወጡት መንገዶች ጥቂት ነበሩ፤ ከእነዚያም ዋነኞቹ የእጅ ሙያ፣ ኳስና ዘፈን ናቸው። ማርሌ ሦስቱንም ሞከረ።

ትምህርቱን ትቶ በአንድ የብየዳ ቤት ተለማማጅ ሆኖ ገባ። እናቱ ልጅዋ እንጀራ የሚበላበት ሙያ እንዲይዝ የምትመኝ ስለ ነበረች በዚህ ደስ ብሏት ነበር። ይሁን እንጂ አንድ ቀን ሲሠራ የብረት ስባሪ ዓይኑ ውስጥ ገባበት። በሕክምና ወጥቶለት ዓይኑ ዳነ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ልቡ ከብየዳው ርቆ ወደ ዘፈን አዘነበለ። ያ አደጋ የታወቀ ምክንያት፣ ወዲያው የተሰማ ሕመምና ግልጽ መፍትሔ ነበረው። ከብዙ ዓመታት በኋላ የመጣበት ሕመም ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱንም አልያዘም።

የመጀመሪያውን ሸክላ ያስቀረጸው በ1962፣ በ17 ዓመቱ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ከፒተር ቶሽና ከበኒ ዌይለር ጋር ሆኖ በኋላ ዌይለርስ ተብሎ የታወቀውን ቡድን አቋቋመ። በ1964 ያወጡት ዘፈን በጃማይካ እጅግ ተወደደ፤ ነገር ግን ዝናው ገንዘብ አላመጣም። በፌብሩዋሪ 1966 ሪታ አንደርሰንን ካገባ በኋላ እናቱ ወደምትኖርበት ወደ አሜሪካ፣ ዴላዌር ክፍለ ሀገር ሄዶ፣ በዱፖንት ኩባንያ በላቦራቶሪ ረዳትነት፣ በክራይስለር ፋብሪካም በመኪና መገጣጠሚያ መስመር ላይ ለጥቂት ወራት ሠራ። ያጠራቀመውንም ገንዘብ ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ዝናና እምነት

ማርሌ በአሜሪካ ሳለ፣ በኤፕሪል 21 ቀን 1966 የኢትዮጵያው ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጃማይካን ጐበኙ። ንጉሠ ነገሥቱን እንደ አምላክ የሚያዩት የራስ ተፈሪ እምነት ተከታዮች በኪንግስተን አውሮፕላን ማረፊያ በብዙ ሺሕ ሆነው ተቀበሏቸው። ሪታም ከተቀባዮቹ መካከል ነበረች። ማርሌ ከተመለሰ በኋላ ወደዚሁ እምነት ገባ፤ ጠጕሩን አስረዘመ፤ አኗኗሩንም በእምነቱ ሥርዓት አደረገ። ከሥርዓቱ አንዱ የሰው አካል ሳይጐድል ሙሉ ሆኖ እንዲጠበቅ የሚያዝዘው ነው። ይህ ትእዛዝ በኋላ በሕይወቱ ላይ ከባድ ውሳኔ በሚጠይቅበት ቀን ተመልሶ መጣ።

በ1972 ቡድኑ የአይላንድ ሪከርድስ ኩባንያ ባለቤት ከነበረው ከክሪስ ብላክዌል ጋር ተዋዋለ። በ1973 የወጡት ሁለት አልበሞች ሬጌን ከካሪብያን ባሕር ወዲያ አሻገሩት፤ በ1974 እንግሊዛዊው ኤሪክ ክላፕተን አንዱን ዘፈኑን ደግሞ ሲዘፍነው የማርሌ ስም በአሜሪካም ታወቀ። በ1976 ባወጣው አልበም ውስጥ ያለው ጦርነት የተሰኘው ዘፈን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1963 በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጉባኤ ላይ ባደረጉት ንግግር ላይ የተመሠረተ ነው። በኒው ዮርክ የተሰማው ንግግር በዚህ መንገድ ዲፕሎማቶች ከማይደርሱበት ጆሮ ደረሰ።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር 3 ቀን፣ በጃማይካ የፖለቲካ ፓርቲዎች ጠብ በበረታበት ጊዜ፣ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ኪንግስተን ካለው ቤቱ ገብተው ተኮሱበት። ደረቱና ክንዱ ላይ ቈሰለ፤ ሚስቱና ሥራ አስኪያጁም ቈሰሉ። ቢሆንም ከሁለት ቀን በኋላ በሕዝብ ፊት ወጥቶ ዘፈነ። ከዚያም አገሩን ለቅቆ ወደ ለንደን ሄደ። በጥይት ተመትቶ በሁለተኛው ቀን መድረክ ላይ የሚወጣ ሰው ለጣት ቁስል ብዙ ግምት ባይሰጥ የሚያስደንቅ አይሆንም።

በጥፍሩ ላይ የታየው

ማርሌ ኳስ ወዳድ ነበር። በሄደበት አገር ሁሉ፣ ዝግጅት ከመጀመሩ በፊት ከጓደኞቹ ጋር ሜዳ ፈልጎ ይጫወት ነበር። የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች እንደሚተርኩት የቀኝ እግሩ አውራ ጣት በ1975 በጨዋታ ላይ ተጐድቶ ነበር። በሜይ 1977 በፓሪስ ከጋዜጠኞች ጋር ሲጫወት ያው ጣት እንደ ገና ተመታና ጥፍሩ ተነቀለ። ሐኪም እንዲያርፍ ቢመክረውም፣ ኤክሶደስ የተሰኘው አልበም የሚወጣበትና የአውሮፓው ጉዞ የተጀመረበት ወቅት ስለ ነበረ ጣቱን እያሰረ መድረክ ላይ መዝለሉን ቀጠለ። ቁስሉ ግን አልሽር አለ። በጁላይ ወር በለንደን ተመርምሮ ከጥፍሩ ሥር ያለው ሥጋ ሜላኖማ በተባለው የካንሰር ዓይነት መያዙ ታወቀ።

ሜላኖማ የሚነሣው ለቆዳ ቀለም ከሚሰጡት ሕዋሳት ነው። በነጮች ላይ በአብዛኛው ፀሐይ በሚያገኘው ቆዳ ላይ ይወጣል። በጥቁር ሕዝቦች ላይ ሕመሙ በጠቅላላው እጅግ ጥቂት ነው፤ ሲከሠት ግን በብዛት ፀሐይ በማይደርስበት በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር ይገኛል። በጥፍር ሥር የሚወጣውን ዓይነት እንግሊዛዊው ሐኪም ጆናታን ሃችንሰን በ1886 ገልጾት ነበር፤ ጥቁረቱ ከጥፍሩ አልፎ በዙሪያው ወዳለው ቆዳ መስፋፋቱ የክፉ ሕመም ምልክት መሆኑንም ስላስገነዘበ ምልክቱ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በእጅና በእግር ጫፍ የሚወጣው ሜላኖማ ራሱን የቻለ ዓይነት ተደርጎ በሕክምና ጽሑፍ የተለየው ግን በ1976፣ ማርሌ ከመመርመሩ አንድ ዓመት ብቻ ቀደም ብሎ ነው።

ሕመሙ በቀላሉ የሚሸሸግበት ምክንያት የጥፍርን አበቃቀል ለተመለከተ ግልጽ ይሆናል። ጥፍር የሚሠራው ከበስተኋላው በቆዳ ከተሸፈነው መብቀያው ነው፤ ከዚያ እየተገፋ ወደ ጫፍ ይሄዳል። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊሜትር ያህል፣ የእግር ጥፍር ደግሞ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊሜትር ያህል ያድጋል። ነገሩ ከብረት መዳመጫ ማሽን ከሚወጣ ላሜራ ጋር ይመሳሰላል። ከማሽኑ የወጣው ላሜራ በመዶሻ ቢመታ የተሰረጐደው ቦታ ከላሜራው ጋር እየተጓዘ ከማሽኑ ይርቃል። የማሽኑ ሮለር ራሱ ጭረት ካለው ግን ጭረቱ በሚወጣው ላሜራ ሁሉ ላይ ያልተቋረጠ መስመር እየሆነ ይታተማል።

በጥፍርም ላይ እንዲሁ ነው። በምት ምክንያት ከጥፍር ሥር የረጋ ደም መጀመሪያ ጥቁር ሆኖ ቢታይም ከጥፍሩ ጋር ወደ ፊት ይሄዳል፤ ከበስተኋላው ንጹሕ ጥፍር ይተካል፤ በአውራ ጣት ላይም ቢበዛ በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ፈጽሞ ይወጣል። ከመብቀያው የሚመነጭ ቀለም ግን ከሥር እስከ ጫፍ የተዘረጋ መስመር ሆኖ ባለበት ይኖራል። እንግዲህ በሁለቱ መካከል የሚፈርደው የጊዜ ክትትል ነው። አንድ ጣት ደጋግሞ ሲመታ ይህ የጊዜ መለኪያ ይታወካል፤ አዲሱ ደም በአሮጌው ላይ ይደረባል፤ ቁስሉም ለአለመሻሩ ሁልጊዜ ቅርብ የሆነ ምክንያት ያገኛል። ጥፍሩ በተነቀለ ጊዜ ደግሞ የሚታየው ምልክት አብሮ ይጠፋል፤ የሚቀረው የማይሽር ቁስል ብቻ ይሆናል። ኳስ ተጫዋች በሆነ ሰው እግር ላይ የቈሰለ አውራ ጣት ያየ ሁሉ ምክንያቱን ሳይጠይቅ ያወቀ ይመስለዋል።

የሐኪሞቹ ምክርና የማርሌ ውሳኔ

የለንደን ሐኪሞች ጣቱ እንዲቈረጥ መከሩት። ማርሌ ይህን አልተቀበለም። የመጀመሪያው ምክንያቱ እምነቱ ሲሆን፣ መድረክ ላይ ሲዘል ሲጨፍር የሚያመሽና ኳስን ከሕይወቱ የማይለይ ሰው መሆኑም ውሳኔውን አክብዶበት እንደ ነበር ይነገራል። በዚህ ፈንታ በአሜሪካ፣ ማያሚ ከተማ ሌላ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ጥፍሩና ከሥሩ ያለው ሥጋ ተነሥቶ ከጭኑ በተወሰደ ቆዳ ተተካ። በአሜሪካ ሊያደርገው ያቀደው የሙዚቃ ጉዞ ተሰረዘ። ለጥቂት ወራት ካገገመ በኋላ የዳነ መሰለ።

ይህ ውሳኔ ከሞተ በኋላ ብዙ አነጋግሯል። ጣቱ ቢቈረጥ ኖሮ ይድን ነበር ብሎ መፍረድ አይቻልም፤ ሜላኖማ ወደ ጥልቁ ሥጋ ከገባ ሕዋሳቱ ከምርመራው ቀን በፊት በደምና በንፍፊት መስመሮች ተበትነው ሊሆን ይችላልና። በሌላ በኩል ዛሬ ሕመሙ ገና ከላይኛው የቆዳ ንብርብር ሳያልፍ ሲገኝ ጣትን ሳይቈርጡ የጥፍሩን ክፍል ብቻ አንሥቶ ቆዳ መተካት የታወቀ ሕክምና ሆኗል። ይህ የሚያሳየው የቀዶ ሕክምናውን ዓይነት የሚወስነው ሕመሙ የተገኘበት ጊዜ መሆኑን ነው። ቀደም ብሎ ለተገኘ ሰው እምነቱንም አካሉንም የሚጠብቅ ምርጫ ይኖራል፤ ዘግይቶ ለተገኘ ሰው ግን የቀሩት ምርጫዎች ሁሉ ከባድ ናቸው። ማርሌ የቆመው በእነዚህ በኋለኞቹ ፊት ነበር።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ከሕክምናው በኋላ የነበሩት ሦስት ዓመታት በሕይወቱ እጅግ ብዙ ሥራ የተሠራባቸው ናቸው። በኤፕሪል 22 ቀን 1978 በኪንግስተን በተደረገው የሰላም ዝግጅት ላይ ባላንጣ የነበሩትን ሁለት የፖለቲካ መሪዎች፣ ማይክል ማንሌንና ኤድዋርድ ሲያጋን፣ ወደ መድረክ ጠርቶ እጅ ለእጅ አያያዛቸው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ አዲስ አበባንና ሻሸመኔን አየ። በሻሸመኔም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በምዕራቡ ዓለም ለሚኖሩ ጥቁር ሕዝቦች በሰጡት መሬት ላይ የሠፈሩትን የእምነት ወንድሞቹን ጐበኘ። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ከወረዱ ያን ጊዜ አራት ዓመት አልፎ ነበር። በኤፕሪል 1980 ደግሞ ዚምባብዌ ነጻነቷን ባወጀችበት ሌሊት በሐራሬ፣ ያን ጊዜ ሳልስበሪ ትባል በነበረችው ከተማ፣ በሩፋሮ ስታዲዮም ዘፈነ። በዚያው ዓመት በኢጣልያ ሚላኖ ከተማ በሳን ሲሮ ስታዲዮም ወደ 100,000 የሚጠጋ ሕዝብ ሊሰማው ወጣ።

በሴፕቴምበር 1980 በኒው ዮርክ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ሁለት ሌሊት ከዘፈነ በኋላ፣ በ21ኛው ቀን ጧት በሴንትራል ፓርክ ሲሮጥ ድንገት ወደቀ። ምርመራው ካንሰሩ ወደ አንጐሉ፣ ወደ ሳምባውና ወደ ጉበቱ መዛመቱን አሳየ። ሆኖም በ23ኛው ቀን በፒትስበርግ ከተማ መድረክ ላይ ወጥቶ የመጨረሻውን ዝግጅቱን አቀረበ። የቀረው ጉዞ ተሰረዘ።

በኖቬምበር 1980 በጃማይካ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንን ባቋቋሙት በብፁዕ አቡነ ይስሐቅ እጅ ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ ተባለ። ከዚያም ወደ ጀርመን አገር፣ ባቫርያ ሄዶ ዶክተር ዮሴፍ ኢሰልስ በሚባሉ ሐኪም ዘንድ ታከመ። የእኒህ ሐኪም ዘዴ ከተለመደው ሕክምና የተለየና ብዙ ክርክር የተነሣበት ነበር። በበረዶው አገር ወራት ቈየ፤ 36ኛ የልደት ቀኑንም እዚያው አከበረ። ተስፋ በተቈረጠ ጊዜ በአገሩ ለመሞት ተነሥቶ ሲመለስ ማያሚ ላይ ደከመ፤ በዚያው ከተማ ሆስፒታል ውስጥ በሜይ 11 ቀን 1981 ዐረፈ። በሜይ 21 ቀን በኪንግስተን በመንግሥት ክብርና በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓተ ጸሎት ተሸኝቶ በተወለደባት መንደር በናይን ማይል ተቀበረ። በ2005፣ 60ኛ የልደት ዓመቱ ሲታሰብ፣ በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ በተደረገው የሙዚቃ ዝግጅት ላይ እጅግ ብዙ ሕዝብ ተገኝቷል።

ዛሬ የሚታወቀው

ከማርሌ ሞት ወዲህ ሕክምናው ርቆ ሄዷል። ከ2011 ጀምሮ የሰውነትን የራሱን መከላከያ ኃይል በካንሰሩ ላይ የሚያስነሡ መድኃኒቶች ሥራ ላይ ውለው፣ ለዚህ ግኝት መሠረት የጣሉት ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ በ2018 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ይሁን እንጂ በእጅና በእግር ጫፍ የሚወጣው ሜላኖማ ለእነዚህ መድኃኒቶች ከሌላው ዓይነት ያነሰ ምላሽ ይሰጣል። ስለዚህ ትልቁ ተስፋ ዛሬም ሕመሙን ገና በጅምሩ ማግኘት ነው።

የጥፍር ጥቁር መስመር ያየ ሁሉ ግን ሊደነግጥ አይገባውም። በጥቁር ሕዝቦች ጥፍር ላይ ቡናማ መስመር መታየቱ የተለመደ ነው፤ በተለይም በብዙ ጣቶች ላይ ከሆነና ለዓመታት ሳይለወጥ ከኖረ በአብዛኛው የተፈጥሮ ቀለም ነው። ሐኪም ሊያየው የሚገባው በአንድ ጣት ብቻ፣ ይልቁንም በእጅ ወይም በእግር አውራ ጣት ላይ በጐልማሳነት ዕድሜ አዲስ የወጣው፣ ስፋቱ 3 ሚሊሜትር የደረሰው ወይም እየሰፋ የሚሄደው፣ ዳሩ የደበዘዘው፣ ቀለሙ የተደበላለቀው ነው። ጥፍሩ መሰንጠቅ ከጀመረ ወይም ጥቁረቱ ወደ ዙሪያው ቆዳ ካለፈ ምልክቱ ይበልጥ ያሳስባል። ጥቂቶቹ ደግሞ ጭራሽ ጥቁረት የላቸውም፤ ከጥፍር ሥር የማይሽር ቀይ ቁስል ሆነው ብቻ ይታያሉ። በእነዚህ ሁሉ ላይ ፍርድ የሚሰጠው ከሥጋው ጥቂት ተቈርጦ በማይክሮስኮፕ የሚደረግ ምርመራ እንጂ የዓይን ግምት አይደለም። በአፍሪካ ሜላኖማ በብዛት የሚወጣው በእግር ላይ ነው፤ በባዶ እግር ለሚሄድና እሾህና ድንጋይ ለለመደ ሰው የእግር ቁስል ከዕለት ወደ ዕለት የሚያጋጥም ስለሆነ፣ ብዙዎች ወደ ሐኪም የሚደርሱት ሕመሙ ከሠለጠነ በኋላ ነው።

ድልድይ ወይም የእንፋሎት ጋን የሚመረምር ባለሙያ ስንጥቅ ባየ ጊዜ የቅርብ ጊዜ ምት መኖሩን ሰምቶ ብቻ መዝገቡን አይዘጋም። ስንጥቁን ይለካል፤ ቀኑን ይጽፋል፤ በቀጠሮው ተመልሶ ይለካል፤ ካደገ ወደ ውስጥ ይመረምራል። የታወቀ ምክንያት መኖሩ ሌላ ምክንያት አለመኖሩን አያረጋግጥምና። የማርሌ ጣት በእርግጥ በኳስ ተመትቶ ነበር፤ ይህን የካደ የለም። ያን ጊዜ ያልተጠየቀው ጥያቄ ምቱ ካለፈ በኋላ ቁስሉ ስለ ምን አይሽርም የሚለው ነበር። ጥያቄው ተነሥቶ መልስ ባገኘ ጊዜ ማርሌ የ32 ዓመት ሰው ነበር፤ ከዚያ በኋላ የቀረው ዕድሜ አራት ዓመት እንኳ አልሞላም።